ሶላንዥ ሻማውን ለየትኛው አውሮፕላን ታብራ?

ሉክሰይ፣ ጥቅምት 1993

ውድ ኤርዋን፣

ተራ ቦምብ የሚጭነው አዲሱ ሚራዥ የጦር አውሮፕላን ናንሲ ከተማ ገብቷል። የተሠራው እዚህ ሉክሰይ ካለው የኑክሌር ቦምብ ጫኝ ሚራዥ ተነሥቶ ስለሆነ መልካቸው አንድ ነው። ቤቷ ያረፍኩባት የሶላንዥ ልጅ ኦሬልያን በኑክሌሩ ላይ ከአብራሪው ኋላ ተቀምጦ አቅጣጫ ይመራል፤ አሁን ወደ አዲሱ ልዛወር ብሎ አመልክቷል። ዛሬ ምሳ ላይ እናቱ ሹካዋን አስቀመጠች።

"ቆይ አንተ፣ የትኛው ነው የሚገድልህ?"

"እማዬ፣ የኑክሌሩ ዘመቻ አይሄድም። አዲሱ ግን ይዘምታል።"

"እንግዲያው እዚሁ ቅር!"

"ይሄ የኑክሌሩ አንድ ቀን ከዘመተ ግን የምመለስበት ቤትም፣ ድንች የምትቀቅልልኝ እናትም አይኖሩም።"

"ታዲያ እሑድ ሻማ የማበራው ለየትኛው ነው?"

"ለድንቹ አብሪለት!"

እሷ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች፤ "እርስዎ ጋዜጠኛ አይደሉ? እስቲ ይንገሩኝ!"

ሠላሳ ዓመት ስጽፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደርሶኝ አያውቅም። እኛ ብሬስት የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦቹ ከወደብ ሲወጡ ዝም ማለት ለምደናል፤ እዚህ ግን ይጠይቃሉ። ምን እንደምመኝላት እስካሁን አላውቅም።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ማሪቮንንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ ጉልበትህንስ ተሻለህ? የኦሬልያን ማመልከቻ የሚወሰነው ሐሙስ ነው።

ሎይክ