አንደኛው ገጽ ሳይሠራ

ነሐሴ 2፣ ዓርብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ እንጅባራ

ዝናብ። ጉሙ እስከ ሱቁ ደፍ ገብቷል። ከመንገዱ ማዶ የቆመው ባጃጅ መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። ያለነው ሁለት ሰዎች፤ እማዬ ከጓዳ አልጋዋ ላይ፣ እኔ ከባንኮኒው ኋላ።

ገጽ 9 ላይ ነኝ። የምጽፍብህን አንተን አይደለም የማነበው፣ ያኛውን ደብተር ነው። ትናንት ከዳንግላ በጆንያ ከመጣው የመጠቅለያ ወረቀት መሃል ወጣ። ጨው ልቋጥርበት ልቀደው ስል አየሁት። የእጅ ጽሕፈት፣ በጥቁርና በቀይ። ስም የለውም። አንድ መምህር ለንስሐ ልጆቹ የጻፈው ይመስላል። 62 ገጽ፣ አንድም አልጎደለም።

አንተ ታውቃለህ፤ እኔ ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ወረቀት ነው። ታናሼ ዓለምነሽ ት/ቤት ስትላክ እኔ ቤት ቀረሁ፤ የጣለችውን ለቀምኩ። በዕድሜዬ ሁሉ ያነበብኩት ከመሃል የተቀደደ ነው። መጀመሪያም መጨረሻም ያለው ነገር ይዤ አላውቅም ነበር።

ገ. 1 እንዲህ ይላል፦ በአንተ ጥፋት ሌላ ሰው ተወቅሶ እንደሆነ ሄደህ አውርድለት። ይህን ሳትሠራ ሁለተኛውን ገጽ አትግለጥ። ሳምንትም ይፍጅ፣ ዓመትም ይፍጅ።

ገለጥኩት።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ፣ ከሰ. 11

ገ. 24። ማቆም አልቻልኩም። ማር ነው። ስለ እንባ የጻፈው ላይ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። ቆመው የሚጠብቁ ገዢዎች ነበሩ፤ አላየኋቸውም። አንዷ ስኳር ብላ ጨው ሰጥቻት ኖሮ ተመልሳ መጣች። አበቡ፣ ሻዬን ወጥ አደረግሽው እኮ! ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ሰዓቱን አየሁ። እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ግራ ጎኗ ከሞተ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቄሱ ፍልሰታን አትጹሚ ብለዋታል። እኔ አስጾምኳት። አልተጣራችም። ለምን አልተጣራሽም ብላት እያነበብሽ ነበር አለች።

ለካሳ ብዬ ገ. 1ን በአዊኛ ነገርኳት። አማርኛው አይገባትም ብዙ። ሁለተኛውን ልቀጥል ስል እጇን አነሣች። ተይ፣ ገና አላኘክሁትም። ጥርስ የለሽ ምን ታኝኪያለሽ ብላት፣ ለዚህ እኮ ነው ቀስ የምለው አለችኝ።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ገ. 41። ማሩ መረረ።

ገ. 30 ስግደት፣ ገ. 33 ዝምታ፣ ገ. 36 በቀን አንዴ መብላት። ሁሉንም አንድ ላይ ጀመርኩ። ጉልበቴ አብጧል። ዝምታውስ አልከበደኝም። ከተወለድኩ ዝም እንዳልኩ ነኝ። ሰው ትሕትና ይለዋል።

አንድ ነገር ልንገርህ። ይህ ደብተር ሳይመጣ የማውቀው አባታችን ሆይን ብቻ ነበር። እሱን ግን ስል ደረቴ ይሞቅ ነበር። አሁን ቃሉ በዛብኝ። “ይቅር በለን” ላይ ስደርስ አፌ ይቆማል። እንደገና እጀምራለሁ። እዚያው ይቆማል። ዛሬ አምስት ጊዜ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ፣ ከሰ. 8

የንስሐ አባቴን ከቤ/ክ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ካፊያ። ጃንጥላቸውን አጋሩኝ። ፊቴን አይተው አሞሻል? አሉ። ደብተሩን ነገርኳቸው፤ ስንት ገጽ እንዳነበብኩም። ቆም አሉ።

“አንቺ ልጅ፣ ጠበል ሲሰጡሽ ምንጩን ነው የምትጨርሽው?”

አይ አባቴ አልኩ።

“ታዲያ? በአንድ ጣሳ ነው ሰው የሚድነው። በይ ያን ስግደት አቁሚ፣ እናትሽን መግቢ፣ አንብበሽ ያልሠራሽው የትኛው እንደሆነ ደግሞ አስቢ።”

እጃቸውን ተሳለምኩ። የትኛው እንደሆነ ማሰብ አላስፈለገኝም። ቤት ገብቼ ግን ገ. 42ን ገለጥኩ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ጽፌው አላውቅም። ለአንተም ቢሆን። ዛሬ እጽፈዋለሁ።

ስድስት ዓመት ሆነው። አባዬ ደም ግፊት ያዘው። ዓለምነሽ ያኔም ዳንግላ ነበረች፣ ትዳር ይዛ። መድኃኒቱን እዚያ ገዝታ በሚኒባስ ላከችው። በየጠዋቱ አንድ ፍሬ፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። አነበብኩት። በትክክል ነው ያነበብኩት። ግን ልቤ ቸኮለ። አንዱ በወር ካዳነው ሁለቱ በአሥራ አምስት ቀን ያድነዋል አልኩ። ቶሎ ተነሥቶ ወደ ድንቹ ማሳ እንዲወርድ ፈለግሁ። ሁለት ሁለት ሰጠሁት። አሥራ አንድ ቀን።

በአሥራ አንደኛው ጠዋት ከአልጋው ብድግ አለ፣ ዓይኑ ዞረ፣ በሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ወደቀ። አልተነሣም።

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ አክስቴ ተናገረች፤ ያቺ የላከችው መድኃኒት ነው የበላው! ሰው ሁሉ ወደ ዓለምነሽ ዞረ። እሷ ወደ እኔ ዞረች። ምን ገዝቼ ነው እታበባ? አለችኝ። የውሃ ጆግ ይዤ ነበር። ዓይኔን ጆጉ ላይ አደረግሁ። እያለቀሰች ወጣች። ከአርባው ወዲህ ደጃችንን አልረገጠችም። “አባቷን የገደለች” ይሏታል እዚህ ሰፈር። ዛሬም ይላሉ።

ገ. 1 እኔን ነው የጻፈኝ። የምሮጠው ከእሱ ነው። ከፊት አንድ ገጽ ይኖራል፣ አንቺስ ይቅርብሽ፣ ጊዜው አልፏል የሚል፤ እሱን ነው የምፈልገው። ገ. 50 ደረስኩ። የለም።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ፀሐይ ወጣ ብሎ ጠፋ።

እማዬ ጎረቤታችንን እትዬ ጥሩዬን ጥሪልኝ አለች። ደነገጥሁ። ሁለቱ ከተነጋገሩ ዘመን አልፏል። ጠራሁ። እትዬ ጥሩዬ ጭቃ ጫማዋን ደጅ አውልቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ልትሞቺ ነው እንዴ? አለች ገና ከበሩ።

እማዬ በአዊኛ ጀመረች፤ በአዊኛ ነው የተነጋገሩት። ያ ውርንጭላሽ፣ እግሩ የተሰበረው፣ ድንቼን ሲረግጥ በድንጋይ የመታሁት እኔ ነኝ። ጅብ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። በእኔ ውሸት ባልሽ ጠባቂውን አባረረ።

እትዬ ጥሩዬ ነጠላዋ እስኪወርድ ሳቀች። “ጅብ! አንቺ ሴት፣ ጅብ ድንጋይ ሲወረውር አይተሽ ታውቂያለሽ? ድንጋዩ እኮ እዚያው አጠገቡ ነበር! በማግስቱ ነው ያወቅሁት።” ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? “አንቺ እስክትናገሪ ነዋ። ይኸው አስረጀሽኝ።” ጠባቂው ግን ወደ አዘና ሄዶ እዚያው እንደሞተ ነገረቻት። ያኔ ሁለቱም አለቀሱ።

እማዬ ቆሎ ጠየቀች። ጥርስ የላት! ሽሮ አቅጥኜ አበላኋት፣ አንድ ሳህን ጨረሰች። አሁን ሁለተኛውን ንገሪኝ አለች። ነገርኳት። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

አንድ ገጽ። በስምንት ቀን። በአንድ እጅ፣ አልጋ ላይ ሆና።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ጨረስኩ። ገ. 62። ስለ ሥጋ ወደሙ ነው፤ አሁን በሰላም ቅረብ ይላል። “አሁን” የሚለው ቃል ላይ ቀይ ቀለም።

ባዶ ነኝ። አንድም መስመር ውስጤ የለም። ምን አነበብሽ ብትለኝ ቁጥሩን ነው የምነግርህ። የበላሁት ሁሉ ሳይዋሐደኝ አለፈ። ለበዓሉ ሁሉም ይቆርባል፣ እኔ ግቢ ቆሜ የሰው ጫማ እጠብቃለሁ። ዘንድሮም፣ ለከርሞም። ሰባኛ ዓመቴን እንዲሁ አየዋለሁ።

ዝናቡ አላባራም። ሱቅ አልከፈትኩም።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ፣ ከሰ. 10

እማዬን ሳገላብጣት ጠየቀችኝ። አንቺስ፣ አንደኛውን ሠራሽ? ጀርባዋ ወደ እኔ ነበር። ፊቷ ቢሆን እዋሽ ነበር።

አልሠራሁም አልኩ።

ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ከባድ ነው? አለች። አዎ። እንግዲህ ከባድ ከሆነ እሱን ብቻ ያዢ አለች፣ ሁለት ነገር አትያዢ።

ነገ። ለእማዬ ቀድሜ። ከዚያ ዳንግላ።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ዳንግላ መናኸሪያ

የሠራሁትን እንደሠራሁት እጽፋለሁ።

12 ሰዓት ላይ እማዬን አጠብኩ። አበላኋት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በአዊኛ ነገርኳት። ሁለት ሁለት እሰጠው ነበር አልኩ። አፏን ሸፈነች። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ሳትዞር፣ ሂጂ አለች። እትዬ ጥሩዬ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

1:20 ሚኒባስ ያዝኩ። 2 ሰዓት አልፎ ደረስኩ። ከመናኸሪያው በጋሪ።

ዓለምነሽ ግቢው ውስጥ ታጥባለች። ፀጉሯ ሸብቷል። አየችኝ። እጇ ሳፋው ውስጥ ቀረ። እማዬ ሞተች? አለች።

አልሞተችም አልኩ። ለአባዬ መድኃኒቱን በቀን ሁለት ሁለት የሰጠሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ቀን። አንቺ የገዛሽው ትክክል ነበር። ድንኳኑ ውስጥ እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ቆማ አየችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

“እታበባ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ መድኃኒት በእጄ ነክቼ አላውቅም። ልጄ ትኩሳት ሲይዘው አባቱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። በእኔ እጅ እንዳይሆን ብዬ።”

ይቅር በይኝ ልል ነበር። አፌ እዚያው ቦታ ቆመ። እሷ ቀደመችኝ። ለእኔ መንገርሽ ምን ይሠራል፣ ድንኳኑ ውስጥ ለነበሩት ንገሪ አለች። እሑድ እድሩ ይሰበሰባል፣ ተነሥቼ እናገራለሁ አልኩ። እመጣለሁ አለች። ልሰማ ነው የምመጣው። ከተቀመጥሽ እኔ አልናገርልሽም፣ ተመልሼ እሄዳለሁ።

እሺ አልኩ።

ወደ ሳፋው ተመለሰች። ጋቢ ነበር፣ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ልታወጣው ስትታገል ሌላውን ጫፍ ያዝኩ። አልከለከለችኝም። እሷ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ ጠመዘዝነው። ውሃው በመሃላችን ወረደ። ወስዳ አሰጣችው።

ወጣሁ። እሑድ ሦስት ቀን ነው።