ከጽጌረዳዋ ጀርባ ስለቆመው ማንጎ

ለክቡር አቶ ፍሬድሰን ምሶሳ፣
የተራራ ግርጌ የአትክልትና የፎቶግራፍ ማኅበር ቋሚ ዳኛና አስተያየት ሰጪ፣
ዞምባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ በተለይ የዓይንዎን ጤንነት አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ የማኅበራችን አባላት በሙሉ የገዛ ዓይናችንን ጡረታ አውጥተን በእርስዎ ዓይን ማየት ከጀመርን ወዲህ፣ የእርስዎ ትንሽ ቢቆጠቁጥ የምንታወረው እኛ ነንና። ቤተሰብዎም በደህና እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። ፎቶ ሲነሡ ከኋላቸው የሚቆም ነገር ሁሉ ተነሥቶ ጀርባቸው የተስተካከለ ይመስለኛል።

እኔ ጄይሎስ ቺኮፓ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ስሆን፣ በየወሩ ስብሰባችን ላይ ከኋላ መስኮቱ ሥር የምቀመጠው ሰው ነኝ። ምናልባት ቢያስታውሱኝ የቡገንቪሊያዬን ፎቶ አይተው «ለጀማሪ ክፉ አይደለም» ያሉት ለእኔ ነበር። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ በመሆኔ ቃልዎ ወጣትነቴን መልሶልኛልና እስካሁን ሳላመሰግንዎ በመቆየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሁሉም እንዲያነበው የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። በግል የጻፍኩልዎን ደብዳቤዎች ጸሐፊያችን ሳይከፍቱ «ከዳኝነት በኋላ ንግግር የለም» ብለው ስለመለሱልኝና ጊዜም ስለሌለኝ ነው። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቴ የእማማ ኤነሌሲ ማክዊንጃ የማንጎ ዛፍ ይቆረጣል። ቆራጩ ተነግሮታል፣ መጥረቢያውንም ስሏል። ይህን ሊያስቆም የሚችል ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ የሚያስፈልገውም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ነገሩ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ ግን በቅደም ተከተል እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ።

እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት እኛ ኋላ ቀሮች ነበርን። ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጥረን የየቤታችንን አበባ ፎቶ እናሳይ ነበር፤ ፎቶው ይንሻፈፍ፣ የአንሺው ጣት ጥግ ላይ ይግባበት፣ ማንም አያነሳውም። አንዷ ተነሥታ «ውይ! ይቺን ከየት አገኘሻት? ነገ እመጣለሁ፣ ለመትከያ ቆርጠሽ ትሰጪኛለሽ» ካለች አስተያየቱ አለቀ ማለት ነው። ፎቶ አይቶ ቅርንጫፍ ከመለመን የሚበልጥ ሙገሳ መኖሩን አናውቅም ነበር። ከዚያ ኮሚቴው «ማደግ አለብን» አለና እርስዎን ጋበዘ። እርስዎም ቀጭኗን ዱላዎን ይዘው መጡ፣ አደግን።

አንደኛው ጉዳይ የአቶ ማውሊዲ በቆሎ ነው። ባለፈው የዝናብ ወራት የዳሊያ አበባቸው ፎቶ አንሶላው ላይ ሲወጣ፣ በዱላዎ ጫፍ ከኋላ ያለውን በቆሎ ነካ ነካ አድርገው «ይህ ሐሳብ ይበትናል» ማለትዎን ሁላችንም ሰምተናል። ክቡርነትዎ አንድ ነገር ልብ ሳይሉ ቀርተዋል፤ እኛ ከፎቶ አንሺነታችን በፊት አትክልተኞች ነን፤ ስሕተት ሲነገረን እጃችን የሚሄደው ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ ዶማው ነው። አቶ ማውሊዲ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ከመራመድ ይልቅ ቤታቸው ገብተው ሊያሸት የደረሰውን በቆሎ ነቃቅለው ጣሉት። ሚስታቸው ከገበያ ስትመለስ ባዶውን መሬት አየች፣ ዳሊያውን አየች፣ ከዚያ «እሺ፣ የንሲማ ገንፎውን ከዳሊያ ላገንፋልህ?» አለቻቸው። እስካሁንም ራት በቀረበ ቁጥር ትጠይቃቸዋለች ይላሉ። ፎቶው ግን በእውነት ንጹህ ሆኖ ነበር፤ ለዚህ ልናመሰግንዎ ይገባል።

ሁለተኛው የወይዘሮ ናዞምቤ አጥር ነው። የሃይድራንጃ አበባቸው «በአረንጓዴ ታፍኗል» ተባሉ። ማልደው ተነሥተው አጥራቸውን መለመሉትና ቅርንጫፉን ሰው እስኪወስድላቸው ከመንገዱ ዳር ዘረጉት። በእኛ አገር ከቤት ደጃፍ መንገድ ላይ ቅርንጫፍ ተጋድሞ ሲታይ ምን እንደሚታሰብ እርስዎም እዚሁ የተወለዱ ነዎትና አይጠፋዎትም። መኪናው ሁሉ ለቅሶ ቤት መስሎት ፍጥነቱን ቀንሶ ያልፍ ጀመር። ረፋዱ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ነጠላ ጨርቃቸውን ወገባቸው ላይ አገልድመው፣ ዱቄትና እንጨት ተሸክመው፣ እያለቀሱ ገቡ። ወይዘሮ ናዞምቤ መቀስ በእጃቸው እንደያዙ ወጥተው «ምነው፣ ማን ሞተ?» ቢሉ፣ ከፊት ያሉት ሴትዮ «አንቺ ነሽ የመሰለን» ብለው ቁጭ አሉ። የመጣ ሰው ደግሞ ሳይበላ አይሄድምና የገዛ ለቅሷቸውን ሲያበስሉ ዋሉ። እርስዎ ለዚያ ወር ፎቷቸው የሰጡት አስተያየት «ተሻሽሏል፣ ግን ሕይወት ይጎድለዋል» የሚል እንደነበር ሳስታውስዎ በታላቅ አክብሮት ነው።

ሦስተኛ፣ ይህ እንኳ ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ነው፤ እርስዎ ያነሱትን አንድም ፎቶ አይተን አናውቅም። አንዳንድ ወሬኛ አባላት በዚህ ያንሾካሹካሉ። እኔ ግን ፎቶ ባለማንሳት ስሕተት የሌለበትን የሥራ ዘመን ማሳለፍ ትልቅ ጥበብ ነው ብዬ እከራከርልዎታለሁ።

አሁን ወደ እማማ ኤነሌሲ ልምጣ፤ ከዚህ በኋላ ቀልዱ እየከበደኝ ስለሚሄድ ይታገሡኝ።

እማማ ኤነሌሲ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሊሎንግዌ ያለችው ልጃቸው በላከችላቸው ስልክ የሚያነሱት አንዲት ጽጌረዳ ብቻ ነው፤ ከግቢያቸው ግንብ ማዕዘን የበቀለች፣ ሽሮ መልክ ያላት፣ እንደ አሮጊት ጎንበስ ያለች ጽጌረዳ። ምኞታቸው አንድ ነው፤ በታኅሣሥ በሚደረገው ዓመታዊ ትርኢት ፎቷቸው አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማየት። «ማየት» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ዓይናቸው ደመና እየለበሰ ስለሆነ ይህ ዓመት ካለፈ የሚሰቀለውን ሌላ ሰው ይነግራቸዋል እንጂ ራሳቸው አያዩትም።

ባለፈው ስብሰባ ጽጌረዳዋ አንሶላው ላይ ወጣች። እርስዎ ዱላዎን ከኋላዋ በቆመው የማንጎ ግንድ ላይ ከላይ ወደ ታች አወረዱና «አበባዋ መልካም ናት፤ ይህ ግንድ ግን ምስሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ግንዱ ባይኖር ለግድግዳው እናስባት ነበር» አሉ። እማማ ኤነሌሲ እንደ ወጉ ጎንበስ ብለው፣ መዳፋቸውን ቀስ አድርገው አጨብጭበው «አመሰግናለሁ ጌታዬ» አሉ። በማኅበሩ ደንብ ሌላ ቃል አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ቢፈቀድም ኖሮ ከትልቅ ሰው የተቀበሉትን የሚመልሱ ሴት አይደሉም።

ወደ ቤት ስንመለስ «ጄይሎስ፣ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ታውቃለህ?» አሉኝ።

እኔም መከራከሬ አልቀረም። «እማማ፣ ለፎቶ ተብሎ ዛፍ ይቆረጣል? ሰውየው እኮ እንዲያው ለአፋቸው ነው የተናገሩት» አልኳቸው።

«እሳቸው የተማሩ ናቸው፤ ለአፋቸው አይናገሩም» አሉኝ። «እንግዲህ ጽጌረዳዋን ነቅዬ ላዛውራት ብል በዚህ ሙቀት ትደርቅብኛለች። እኔ በሌላ በኩል ልዙር ብል ግንቡ አለ፣ ጉልበቴም እምቢ ብሎኛል። ምን ቀረ? ዛፉ ነው የቀረው።»

እኔ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ በሌላ አቅጣጫ ላንሳልዎ ብላቸው ደግሞ «አንተ ያነሳኸውማ የአንተ ነው» ብለው ዘጉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ያ ግንድ ማን እንደሆነ ስለማያውቁ ልንገርዎ። ባለቤታቸው ቤቱን ሠርተው ሲገቡ የተከሉት ማንጎ ነው። ሰፈሩ ጠብ ሲኖረው የሚዳኘው ከሥሩ ነው፤ እዚያ ግን ተከሳሹም ይናገራል። የትምህርት ቤት ልጆች በኅዳር ከቅርንጫፉ አይወርዱም፤ አሁንም ፍሬው አውራ ጣት አክሏል። እማማ ኤነሌሲ ኦቾሎኒያቸውን የሚፈለፍሉት፣ ጎረቤት የሚጠሩት፣ ከሰዓት በኋላ የሚያንቀላፉት እዚያው ነው። እኔ ራሴ ሚስቴ የሞተች ሰሞን ቤቴ መግባት ሲያቅተኝ የተቀመጥኩት ጀርባዬን ከዚያ ግንድ ጋር አስደግፌ ነው።

ፎቶውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በቋሚ ዳኛ ፊት ይህን ማለቴ ድፍረት ነው፤ ግን ፎቶው መልካም ነው። ከመልካምም መልካም የሆነው በዚያ ግንድ ምክንያት ነው፤ ሻካራው ቅርፊት ከኋላዋ ስላለ ነው አበባዋ ያን ያህል የለሰለሰችው። ግንዱን ሲያወጡት የማንም ሰው ጽጌረዳ ትሆናለች፤ ከእሱ ጋር ግን የእማማ ኤነሌሲ ናት፣ ማንኛውም የሰፈራችን ልጅ አይቶ የማን ግቢ እንደሆነ ይናገራል። እርስዎ ግንዱ ምስሉን ለሁለት ከፈለው ሲሉ እኔ የታየኝ ሁለት ነገር አብሮ ሲያረጅ ነው። ተናድጃለሁ፣ አልደብቅዎትም። ከመናደዴም በላይ ደክሞኛል፤ ሰው የገዛ ደጁን በሌላ ሰው ዱላ እየለካ ሲጠላው ማየት ያደክማል።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህችን ነው። ከቅዳሜ በፊት «ፎቶዎን ደግሜ አየሁት፣ ዛፉ ይቆይ» ብለው ይጻፉላቸው። በስልክም ይሁን፣ በብጣሽ ወረቀትም ይሁን፣ በሰውም ይላኩ፤ ከእርስዎ ከመጣ ያምናሉ፣ ከእኔ ከመጣ ግን የጎረቤት ሐዘኔታ ነው። ቃል መለወጥ ስምዎን የሚጎዳው ከመሰለዎ እኔ ራሴ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ፤ በዚያ ዕለት አዳራሹ ውስጥ አቧራ ነበረ፣ ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ነክቷቸው ነበር እያልኩ በየቤቱ እዞራለሁ። ሰው ያምነኛል፣ አዳራሹም በእርግጥ አቧራማ ነው።

እርስዎ ባይመጡ ኖሮ ግቢያችን ውስጥ ይህን ሁሉ ጉድለት ይዘን ሳናውቀው በደስታ እንሞት ነበርና፣ ስለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬ የበዛ ነው። ረጅም ዕድሜ፣ የማይደክም ክንድና የማይሰበር ዱላ እየተመኘሁልዎ፣ ከፊት ለፊትዎም ሆነ ከጀርባዎ ምንም የሚረብሽ ነገር እንዳይቆም እየጸለይኩ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎና ጀማሪዎ፣
ጄይሎስ ቺኮፓ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከላይ ያለው ደብዳቤ ሰሌዳው ላይ ሳምንት ቆይቷል። ጸሐፊያችን እርስዎ እንዳነበቡት፣ የተሰጠ አስተያየት እንደማይለወጥ፣ ነገር ግን አባሏ ፎቶውን አሻሽለው ደግመው ማቅረብ እንደሚችሉ ነግረውኛል። እማማ ኤነሌሲም አሻሽለው አቀረቡ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ዛፉ ወደቀ፣ ልጆቹ ጥሬውን ፍሬ ለቀሙ፣ ጽጌረዳዋም ባዶ ሰማይ ከኋላዋ አድርጋ ተነሣች። ትናንት አስተያየትዎ በስልካቸው ደረሰና እሳቸው ማንበብ ስለተሳናቸው እኔ አነበብኩላቸው፤ «ጀርባው ንጹህ ነው፣ በርቱ። ብርሃኑ ግን በጣም ከባድ ስለሆነ አበባዋን አቃጥሏታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በጥላ ሥር ያንሱ» ይላል። ለስልኩ ጎንበስ ብለው አጨበጨቡለት። ከዚያ ጉቶው ላይ ተቀምጠው ትንሽ አሰቡና፣ ከወደቁት ፍሬዎች አንዱም ለዘር ስላልበሰለ ከገበያ ቀድሞ የደረሰ ማንጎ እንዳመጣላቸው ላኩኝ፤ ዛሬ ጠዋት ፍሬውን በቆርቆሮ ውስጥ ተክለው አጠጥተውታል። ለጥላ እስኪደርስ ድረስ ዳኛው እርስዎ ሆነው ይቆዩ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብለውኛል።