ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው እማዬ

ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ ከእናቴ ቀጥሎ እናቴ ለሆንሽው እታለም፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ባልዲ ባነሳሽ ቁጥር «ኧረ ወገቤን» እያልሽ ነው? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ልጆቹስ አደጉ? ትንሿ አሁንም ወተቱን ደፍታ በድመቷ ታሳብባለች? ሁሉንም አንድ በአንድ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። እኔ በጤና በኩል ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከመቆም ብዛት ሲመሽ እግሬ የእኔ አልመስል ይለኛል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። የእናንተ ናፍቆት ግን እንደ ድሮው ነው፤ ለዚህስ መድኃኒት አልተገኘም።

በዚህ የስልክ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፈው ምን ነክቶት ነው እንደምትይ አውቃለሁ። እታለም፣ አንቺን በስልክ ለማግኘት የግድ በታናሻችን በኩል ማለፍ አለብኝ። እሱ ደግሞ ስልኩን ሰጥቶሽ ዞር የሚል ልጅ አይደለም፤ አጠገብሽ ቆሞ የምትመልሽውን ሁሉ ይሰማል። ይህን የምጽፍልሽ እሱ እንዳይሰማ ነው። ደብዳቤውን ያመጣልሽ ለምግብ ቤታችን ዱቄት የሚያመላልሰው ሾፌር ነው፤ ታማኝ ሰው ነው፣ በእጅሽ እንጂ ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ ለማንም አታሳዪ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ምግብ ቤት ስልሽ አንድ ቤት እንዳይመስልሽ፤ ቀዩ ድስት የተሳለበት ሰሌዳ ያለው ሁሉ የእኛው ነው፣ በየከተማው ቅርንጫፍ አለው። ወንበሩም፣ መጋረጃውም፣ የሾርባው ጨው ሳይቀር አንድ ዓይነት ነው። ባለቤቱን እኛ ጓዳ ውስጥ «አባ ለግስ» እንላቸዋለን። ለሐሜት እንዳይመስልሽ፣ ሰውየው የእውነት ይሰጣሉ። የትምህርት ቤት ጣሪያ አስለብሰዋል፣ ለአረጋውያን ማረፊያ አልጋ ገዝተዋል፣ ጎርፍ የወሰደባቸውን ሰዎች ለብዙ ጊዜ ቀልበዋል። ሰው ሲያመሰግናቸው ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ እንዲህ ባልተቸገርኩ።

በየዓመቱ ድርጅቱ የተመሠረተበት ቀን ሲቃረብ ከሠራተኞች ቤተሰብ አንድ የታመመ ሰው ይመረጣል። የዚያ ሰው ፎቶ ተልቆ በየቅርንጫፉ ገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ ይሰቀላል። ከሥሩ የመስታወት ሣጥን አለ፣ ከሣጥኑ ጎን ደግሞ ደወል። ደንበኛው ሣጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ጣል ሲያደርግ ደወሉ ይደወላል። ያን ጊዜ አስተናጋጁም፣ ወጥ ቤቱም፣ ሽንት ቤት የሚያጥበውም የያዘውን አስቀምጦ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግና «ቤተሰባችንን ስላሰቡ እናመሰግናለን» ይላል፤ ሁላችንም በአንድ ድምፅ። መጀመሪያ ስገባ ሳቄ ይመጣብኝ ነበር። አሁን በእንቅልፌም እሰማዋለሁ።

ዘንድሮ የተሰቀለችው እማዬ ናት።

ይህን ታናሻችን ነግሮሽ ይሆናል፤ ያልነገረሽን ነው የምነግርሽ። ፎቶዋን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ደስ እያለኝ። ያንቺ ሠርግ ማግስት አጥሩ ሥር ተቀምጣ፣ የሆነ ነገር ተናግረሽ አስቀሻት፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ስትወስድ የተነሳችውን። ሲሰቀል ግን እማዬ አልመሰለችኝም። ቀረብ ብዬ አየሁት። ሳቋ የለም፤ አፏን የሸፈነው ነጠላ አሁን እንባ የምትጠርግበት መስሏል። ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ነጭ ነገር ደፍተውባቸዋል፣ ልክ ሞራ እንደያዘው ዓይን። ኃላፊያችንን ጠየቅኋት። ለስላሳ ልጅ ናት፣ ስትቆጣ እንኳ ድምጿ ከፍ አይልም። የእማዬ ዓይን በፎቶ ሲታይ ጤነኛ ስለሚመስል ደንበኛው ሕመሙን እንዲረዳው ትንሽ አስተካከልነው አለችኝ። የተዋሸ ነገር የለም፣ ሕመሙ እንደሆነ እውነት ነው አለችኝ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እንግዲህ በየቀኑ ከዚያ ፎቶ ሥር ትሪ ይዤ እመላለሳለሁ፤ ደወሉ ሲደወል እማዬን ፊት ለፊት እያየሁ እጄን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ።

ሐኪሙ ያለውን አንቺም በጆሮሽ ሰምተሻል፣ ያን ቀን ይዘሻት የሄድሽው አንቺ ነሽ። ይህ የዓይን ግፊት ነው፣ ብርሃንን ከጎን እየበላ የሚመጣ፣ እንደ ሞራ ተገፎ ብርሃኑ የሚመለስ አይደለም፣ የጠፋው ጠፋ፣ የቀረውን ለማትረፍ ቀዶ ጥገናው ቶሎ ይሁን ነበር ያለው። ታዲያ ለምን እስካሁን አልተደረገም? ታናሻችን «የሆስፒታሉ ተራ አልደረሰም» እንዳለሽ አውቃለሁ፣ ለኔም እንዲያ ብሎኝ ነበር። እታለም፣ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሆስፒታሉ አልጋ ከያዘላት ቆይቷል። የሚጠበቀው የእኛ በዓል ነው። አባ ለግስ የዓይኗ ፋሻ መድረክ ላይ በሕዝብ ፊት እንዲፈታ ይፈልጋሉ፤ እማዬ ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ የምታየው ያዋጣላትን ሰው እንዲሆን። ሐሳቡን ሲናገሩ እሳቸውም አለቀሱ፣ እኛም አጨበጨብን። ከዚያ በዓሉ ተራዘመ፤ በእናንተ በኩል የሚከፈተው አዲሱ ቅርንጫፍ ቀለም አልደረቀም ተባለ። ደግሞ ተራዘመ፤ ወንበሮቹ አልደረሱም ተባለ። ሪባኑና ፋሻው በአንድ ቀን ካልሆነ አያምርም አሉ። እኔ አፍ አውጥቼ «ሐኪሙ እኮ ቶሎ ብሏል» ብዬ ነበር። ኃላፊያችን ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ ጥሩ ነገር ትዕግሥት ይፈልጋል አለችኝ።

እቃ የምታጥበው ሴት ያናገረችኝ በዚያ ሰሞን ነው። እዚህ ስሠራ ከሰላምታ በቀር ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ደወሉ ሲደወል እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፣ አፏ ግን አይንቀሳቀስም፤ ማንም ምንም አይላትም። ከጓዳው በር አጠገብ የአንድ ልጅ ፎቶ አለ፣ በክራንች ቆሞ የሚስቅ። ልጇ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። የአጥንት ቁስል ነበረው፣ ሐኪም ቶሎ ይምጣ ብሎ ነበር፣ የዚያ ዓመትም በዓል አባ ለግስ ውጭ አገር ስለሄዱ ተራዝሞ ነበር።

«እኔም ቀኑን ጠብቄ ነበር» አለችኝ፣ ከድስቱ ላይ ቀና ሳትል። «ቀኑ ደረሰ። እግሩ ግን አልጠበቀም።»

እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ለሰው ሠራሽ እግር ሌላ ፎቶ ተሰቀለ። ከመጀመሪያው የበለጠ ደወል ተደወለለት አሉ።

እኔ ግን አሁንም ራሴን እያታለልኩ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ባለፈው ሳምንት የአፍ መጥረጊያ ወረቀት ላመጣ ዕቃ ቤት ገባሁና ካርቶን ተሳስቼ ከፈትኩ። ውስጡ ነጫጭ ዘንጎች ናቸው፤ ዓይነ ስውራን መንገድ እየነኩ የሚሄዱባቸው። መያዣቸው ላይ ቀዩ ድስት ተስሏል። እጄ ላይ አንዱን ይዤ ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። ኃላፊያችን ስትመጣ አልደነገጠችም፤ ለበዓሉ የእግር ጉዞ ነው፣ ሠራተኛው ሁሉ አንዳንድ ይዞ ይሄዳል፣ ለማሳያ ነው አለችኝ። እውነቷን ይሆናል። ግን እታለም፣ ካርቶኑ ብዙ ነው፣ ከእኛም ቁጥር ይበልጣል፤ ደግሞ አንዷ ዘንግ ከሌሎቹ አጠር ያለች ነች። እማዬ እንዴት አጭር እንደሆነች ታውቂያለሽ።

ታናሻችንን አትቆጪው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንዲሉ ነው። አዲሱ ቅርንጫፍ ሲከፈት ገንዘብ ተቀባይ አድርገው ሊቀጥሩት ቃል ገብተውለታል፣ ቀይ ኮቱንም ለክተውለታል። ሰኞ ከዚህ ካሜራ የያዙ ሰዎች ይነሳሉ፤ እማዬን በቤቷ፣ በጓሯ ሊቀርጿት ነው። እስኪመጡ ሐኪም ዘንድ እንዳትሄድ አደራ ብለውታል፤ ታክማ ከተገኘች ያዋጣው ሰው ሁሉ ተታለልን ይላል፣ እኔም እንደ አጭበርባሪ እባረራለሁ። እሱም እሺ ብሏቸዋል።

ትናንት ሲደውልልኝ እየሳቀ ነበር። ካሜራ ፊት እንዳታሳፍረን ብዬ ግድግዳ እየዳበሰች መሄድ ላለማምዳት ነበር አለኝ። እጇን ይዞ ከበሩ እስከ ማድጋው፣ ከማድጋው እስከ አልጋዋ እንዴት እንደምትዳብስ ሊያሳያት። እማዬ እጇን አስለቅቃ፣ ብቻዋን፣ ምንም ሳትነካ ሳትደናቀፍ ደርሳ ተመለሰች አለኝ። ከዚያ ምን እንዳለችው ስትሰሚ ሳቅሽን አትችዪም አለኝ።

«ልጄ፣ ይሄንንስ ማንም ሳያስተምረኝ ለምጄዋለሁ» አለችው።

እሱ የቀለደች መስሎታል። እኔ ስልኩን ዘግቼ ከጓዳው ወጣሁና ፎቶዋ ፊት ቆምኩ። ያን ነጭ ነገር የደፉባት ጊዜ ውሸት ነበር። አሁን ውሸት መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለዚህ እታለም፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ይህ ደብዳቤ ከእነሱ ቀድሞ ይደርስሻል። ሾፌሩ ሌላም ፖስታ ይሰጥሻል። የጓዳው ሰዎች ናቸው ያዋጡት፤ እቃ አጣቢዋ ናት ጎድጓዳ ሳህን አዙራ የሰበሰበችው፣ ደወል አልተደወለም፣ ማንም እጁን ደረቱ ላይ አላደረገም። ስንት እንደሆነ አልጽፍልሽም፤ አንቺ ጋ ካለው ጋር ሲሆን ለሕክምናው ይበቃል። ለታናሻችን «ልጆቹ ናፍቀዋታል፣ እኔ ጋ ትደር» ብለሽ ውሰጃት፤ ቤትሽ ግን አታሳድሪያት፣ በዚያው ወደ ሆስፒታሉ ሂጂ። ካሜራዎቹ ሲመጡ ባዶ ቤት ይቅረጹ። በእኔ ምክንያት አትስጊ። ከዚህ ቢያባርሩኝ ሳህን የሚነሳበት ቤት ሞልቷል፤ ለእማዬ ዓይን ግን ገበያ የለም።

እንግዲህ ለባለቤትሽ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ በመንገዱ አብሯችሁ ይሁን። ልጆቹን ጉንጫቸው እስኪቀላ ሳሚልኝ፣ ለትንሿ ድመቷ ንጹሕ መሆኗን እንደማውቅ ንገሪያት። ጎረቤታችንን ጋሼን ሰላም በዪልኝ፣ ስለ ጉዳዩ ግን ትንፍሽ አትበዪ። ታናሻችንንም ሰላም በዪው፤ ሲቆጣ ይቆጣ፣ ወንድሜ ነው።

እማዬን ደግሞ እንዲህ አድርጊልኝ። ስትሄጂ በሩ ፊት ለፊት አትቁሚ፣ አትጥሪያት። ጫማሽን አውልቂና በቀስታ በጎኗ በኩል ቅረቢያት፤ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ። ዞር ብላ «አንቺ ነሽ?» ካለችሽ፣ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሳሚልኝና ጻፊልኝ። ዞር ካላለች ግን ለመጻፍ አትቀመጪ። እጇን ይዘሽ ውጪ።

ወንድምሽ

ከምግብ ቤቱ ጀርባ፣ ከሠራተኞች ማረፊያ ክፍል
ሐሙስ፣ ሾፌሩ ጭነቱን እስኪያስር