የጋሽ ታጠቡ ዕረፍትና ልጃቸው የጠየቀችን ቱታ

አባላት ሁሉ «ጋሽ ታጠቡ» እያሉ የሚጠሯቸው የካታሊስት ክፍል ኃላፊያችን ከሁለት ሳምንት በፊት በቤታቸው ማረፋቸውን የጭስ ማጽጃ ሠራተኞች ማኅበር የሚያስታውቀው በተሰበረ ልብ ነው።

ሟች ፋብሪካው ሥራ በጀመረበት ዓመት ተቀጥረው፣ ሕመም አልጋ ላይ እስኪጥላቸው ድረስ ከጭስ ማውጫው ሥር አልተለዩም። ካታሊስት እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ የበዛበት ጡብ ሲሆን፣ በውስጡ የሚያልፈውን መርዘኛ ጋዝ ወደማይጎዳ አየር ይለውጣል። ከጭሱ ጋር የሚመጡት እርሳስና አርሰኒክ ግን እየተለጠፉበት ያደክሙታል። ጡቡን አውጥቶ፣ አራግፎና አጥቦ መመለስ የእሳቸውና የእኛ ሥራ ነበር። ከተማው ሰማዩ ጠራ ብሎ ሲደሰት፣ ከጭሱ የወጣው መርዝ የት ገባ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ልብሳችን ላይ ነበር።

ፋብሪካው በተከፈተ በሦስተኛው ዓመት የአንዲት ባልደረባችን ሕፃን፣ ልብሷ ከእናቷ ቱታ ጋር በአንድ ሳፋ ስለታጠበ፣ በእርሳስ ተመርዛ ለወራት ሆስፒታል ተኛች። ከዚያ ወዲህ ሟች ቱታ ለብሶ ከበር የሚወጣ ሰው አላሳለፉም። «ለልጅህ ስጦታ ይዘህላት ልትገባ ነው እንዴ? ተመለስ፣ ታጠብ!» እያሉ ሥራ አስኪያጁን ሳይቀር መልሰዋል። ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ የመጣ ነው።

በቀጣዮቹ ዓመታት የሠራተኞች ልብስ በፋብሪካው ውስጥ እንዲታጠብ ያለመታከት ጠይቀዋል። ዛሬ ነገ ሲል የከረመው አስተዳደር፣ ማጠቢያ ቤቱ የተመረቀ ዕለት ሪባን ለመቁረጥ ማንም አልቀደመውም። ሟች በዚያ ሰዓት ከኋላ በር ቱታ እያስገቡ ነበር።

ብቸኛ ልጃቸው እሳቸው ባረፉ ማግስት ወልዳለች። አያቷን ሳታይ የቀረችውን ጨቅላ በቱታቸው ጠቅልላ ልታቅፋት ፈልጋ፣ ልብሱን እንድንሰጣት ማኅበራችንን ጠይቃለች። ቱታው ደጋግሞ ታጥቦ ተመርምሯል፤ እርሳሱ ግን ከስፌቱ አልወጣም። ስለዚህ ከአገልግሎት ውጪ ከሆኑት ጡቦች ጋር በታሸገ በርሜል እንዲቀበር ተወስኗል። 

ለባለቤታቸው፣ ለእኅቶቻቸውና ለባልደረቦቻችን በሙሉ መጽናናትን እንመኛለን።

ልጃችን ሆይ፣ የከለከልንሽ ነፍገንሽ አይደለም። አባትሽ ቢኖሩ በዚያ ልብስ ጨቅላዋን አይነኳትም ነበር፤ እሳቸውን ተክተን እምቢ አልንሽ። ይዘሻት ነዪ። ታጥበን እንጠብቅሻለን።