የእማዬ ሣልስት

እሑድ፣ ሆሳዕና
እማዬ እምቢ አለች። ቅዳሴው አልቋል፣ ደክሞሻል፣ ቤት እንሂድ ብላት፣ «ፍትሐቱን ሳልሰማ ንቅንቅ አልልም» አለችኝ። በሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት ስለማይደረግ፣ ቄሶቹ ዛሬውኑ ለሁሉም አስቀድመው ይጸልያሉ። ክንዴን ይዛ እስከ መጨረሻው አሜን ስትል ቆየች። «ለራስሽ ፍትሐት ነው እንዴ የመጣሽው?» ብዬ ተቆጣኋት። ሳቀችብኝ።

ማክሰኞ
ሱቄ ያለበት ዱባይ ተራ ከገበያተኛው ብዛት መተላለፊያ የለም። የበዓል ጫማ ስሸጥ ዋልኩ። እማዬ እህል አልቀመሰችም። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ከማለት ሌላ የጨመረው ነገር የለም። አተነፋፈሷ ከመኝታዋ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ፈርቻለሁ።

ሐሙስ
ሱቅ አልከፈትኩም። ወደ ማታ አረፈች። ትንፋሿ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ ቆመ። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ዓርብ፣ ስቅለት
ቀበርናት። ፍትሐት የለም፣ ደወል የለም። ሬሳዋ በሚሰግደው ሕዝብ መካከል አለፈ። የንስሐ አባቷን «እናቴ ምን አጠፋች?» አልኳቸው።
«ልጄ፣ እሷ እኮ እሑድ በገዛ ጆሮዋ ሰምታዋለች።»
ሰዉም ከጌታዋ ጋር ሄደች፣ ታድላ ይላል። መታደሉ አልታየኝም።
በየዓመቱ ስሰግድ የማስበው ጉልበቴን ነበር። ዛሬ «ነፍሱን ሰጠ» ተብሎ ሲነበብ የትናንቱ ትንፋሽ ትዝ አለኝ። እሱም እንዲያ ሆኖ ነው ለካ የሞተው።

ቅዳሜ
ቄሶች የትንሣኤውን የምሥራች ቄጠማ ይዘው ለቅሶው ድንኳን ድረስ መጡ። ሁሉም ግንባሩ ላይ አሰረ። እኔ በእጄ እንደያዝኩት ቀረሁ። የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ጋሼ ከድር ከመስጊድ መልስ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ስለ ሱቁ አታስቢ፣ እኔ አለሁ። የትንሣኤ ቀን በአላህ ፈቃድ ታገኛታለሽ» አሉኝ። እርግጠኝነታቸው አስቀናኝ።

እሑድ፣ ፋሲካ
ሣልስቷ ፋሲካ ላይ ዋለ። ለቀስተኛው ነጭ ለብሶ ይመጣና በር ላይ ግራ ይገባዋል፤ እንኳን አደረሰሽ ይበል ወይስ እግዜር ያጥናሽ? አንዲት ጎረቤታችን ሁለቱንም ብላ አለቀሰች። የመጣልንን ዶሮ መጉረስ አቃተኝ።
ወንድሜ አስፋው አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አለኝ። እስከ ዛሬ ለወጉ ያህል ነበር የምመልሰው። ዛሬ ግን ይሄ እውነት ካልሆነ እማዬን መቼም አላያትም።
«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ። ማመኔ ይሁን መለመኔ አላውቅም።