ባለ ስድስት ገመዱ መርከብ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርድ በመጣ ቁጥር ደረጃ መሀል የሚያስቆምዎ ሕመም ዘንድሮ ተሻለዎት? ዓይንዎስ? አሁንም መነጽሩን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው ቤቱን ሁሉ ፍለጋ ያምሱታል? እናቴስ ደህና ናት? ሳሉ ለቀቃት? ቤቱ፣ ግቢው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ለጤናዬ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ልብሴም እናቴ ብታየው አትቆጣም። ደህና ያልሆነው ሌላ ነገር ነው፤ ብዕር ያነሳሁትም እሱን ልነግርዎ ነው።

ደብዳቤዎ ረቡዕ ዕለት በሥራ ቦታዬ ደረሰኝ። ጽሑፍዎ እንደ ድሮው ነው፤ አንዲት ፊደል ከመስመር አልወጣችም። የጻፉት ነገር ግን ከተቀመጥኩበት አስነሳኝ። «ትልቁ መርከብ እዚያ ከቆመ ትንሹ እዚህ ምን ይሠራል? በወሩ መጨረሻ ምሰሶውን ነቅዬ አግዳሚ ወንበር አደርገዋለሁ፤ ከእናትህ ጋር ፀሐይ እንሞቅበታለን» ብለውኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሄጄ ፊቴን ታጠብኩና፣ ዓይንህ ምን ሆነ ላሉኝ የሥራ ባልደረቦቼ ሙጫ ገብቶብኝ ነው አልኳቸው። ውሸት ለምዶብኛል።

አባባ፣ ትልቁ መርከብ አልቆመም። አንዲት ምስማር እንኳ አልተመታችለትም። ስለ እሱ የጻፍኩልዎ ሁሉ ውሸት ነው።

በዚህ የመጫወቻ መናፈሻ እኔ የምሠራበት ክፍል የሞዴል ክፍል ይባላል። ለመናፈሻው የታሰበ መጫወቻ ሁሉ መጀመሪያ በካርቶንና በስስ እንጨት ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ እኔ ደግሞ አውራ ጣት የማያክሉ ሰዎች ቀለም እየቀባሁ ወረፋ አሰልፋለሁ። አለቆቹ መጥተው ያያሉ፣ ያጨበጭባሉ። ከዚያ በኋላ ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል፤ አብዛኛውም ቂጣ ነው። ጓዳው ውስጥ «ያልተወለዱት» የምንለው መደርደሪያ አለ። ዝናቡ ከወለል ወደ ጣሪያ የሚዘንብበት ቤት፣ በአፉ ተገብቶ በጅራቱ የሚወጣበት ዓሣ ነባሪ፣ ባቡሩ ወደ ኋላ ብቻ የሚሄድበት ተራራ፣ ሁሉም አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። የእርስዎ መርከብ ከታች ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። አቧራ የምጠርገው ለእሱ ብቻ ነው።

የእርስዎ መርከብ ያልኩት አውቄ ነው። ከአሮጌ በር ሳንቃ የጠረቡት፣ ከምሰሶው ጫፍ ስድስት መዘውር ያሰሩለት፣ ስድስት ልጅ ተቀምጦ እያንዳንዱ የራሱን ገመድ ካልሳበ ከመሬት የማይነሳው የግቢያችን መጫወቻ መርከብ። አንዱ ከለገመ ወደ ጎን ያዘነብላል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ልግመኛው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ፤ እህቴም በኩርኩም ታነቃኝ ነበር። እዚህ መጥቼ አዲስ ሐሳብ ያለው ያቅርብ ሲባል፣ የእኔ ጭንቅላት ባዶ ሆነና ያንን አቀረብኩ።

ሥራ አስኪያጁ ሞዴሉን ሲያይ እንደ ልጅ ሳቀ። ሥዕሉ አጥሩ ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩም «በቅርቡ» ተብሎ ተጻፈበት። እኔም ለእርስዎ «በቅርቡ» ብዬ ጻፍኩ። እስከዚህ ድረስ ውሸት አልነበረውም። እርስዎ ግን ስንት ልጅ ይይዛል ብለው ጠየቁኝ፤ ሠላሳ አልኩ። ቀለሙስ ሲሉኝ ሰማያዊ አልኩ፤ እንደሚወዱት ስለማውቅ። ከዚያማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ቆሟል አልኩ፣ ወረፋው እስከ በሩ ይደርሳል አልኩ፣ አንዲት አሮጊት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ገመድ ስበው በሳቅ ጥርሳቸው ሊወልቅ ነበር አልኩ። እናቴ የአሮጊቷን ነገር ለሰፈሩ ሁሉ እንዳወራችው እህቴ ነግራኛለች። አባባ፣ እኒያ አሮጊት የሉም።

ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ ይቅር ይበሉኝ ለማለት ድፍረት ባላጣሁ። የባሰው መርከቡ ያልተሠራበት ምክንያት ነው። አንድ መሐንዲስ አለን። የቀረበለትን ሁሉ «ቢበጠስስ? ቢዘንብስ? ወፍራም ሰው ቢቀመጥበትስ?» ስለሚል «አቶ ቢሆንስ» እንለዋለን። እዚህ ቤት ደንብ አለ። የትም ቦታ ተሠርቶ ሰው የተሳፈረበት መጫወቻ በቶሎ ይፈቀዳል፤ ከሰው ሐሳብ አዲስ የመጣ ግን የዓመታት ሙከራ ይጠይቃል፣ ለዚያ ደግሞ የሚታገስ አለቃ የለም። በስብሰባው ላይ አቶ ቢሆንስ ቀና አለና፣ ይህ ነገር ከዚህ በፊት የትም ተሠርቶ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ያን ቀን አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር። የጫማዬን ጫፍ እያየሁ ግቢያችን ትዝ አለኝ፤ የመርከቡ ጎን ላይ ያለው የድሮው በር የቁልፍ ቀዳዳ፣ ከጆሮዎ ላይ የማይጠፋው እርሳስ። አባቴ፣ የሰፈር አናጺ፣ በአሮጌ በር ሠርተውታል ብል የሚስቁብኝ መሰለኝ። «የትም አልተሠራም፤ ከራሴ የፈለቀ ነው» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ዓመት ሳይሞላ ፋይሉ ተዘጋ። ለመርከቡ የታሰበው ቦታ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ነጫጭ መስመሮቹ ከመስኮቴ ይታዩኛል። እውነቱን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ መርከብዎ ይሠራ ነበር። በእርስዎ ማፈሬ ነው ያስቀረው። ይህን ቃል ለመጻፍ ሁለት ወረቀት ቀድጄአለሁ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት አቶ ቢሆንስ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ስንት ዓመት ሠራ አለኝ፤ አሥራ ዘጠኝ አልኩት። የወደቀ አለ ወይ አለኝ፤ አንድም የለም አልኩት። «ሁሉም ልጆች ገመዱን ባንዴ ቢለቁትስ?» አለኝ። የበርጩማ እግር የምታክል፣ እንደ ፍሬን የምትይዝ የእንጨት መያዣ እንዳለችውና መርከቡን ቀስ አድርጋ እንደምታወርደው ነገርኩት። ወረቀት ስቦ መያዣዋን ሣላት፤ ረጅም ጊዜ አያትና እርሳሱን አስቀመጠ። «ይኼን ያኔ ብትነግረኝ ሜትሬን ይዤ አባትህ ግቢ ድረስ እሄድ ነበር» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አሁንስ አይሆንም ወይ ብዬ ብለምነው «አሁን መኪና ቆሞበታል» አለኝ። ያለ «ቢሆንስ» ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ጓዳ ገብቼ ንድፉን አወጣሁ። ጥጉ ላይ የሐሳቡ ባለቤት ከሚለው ፊት የተጻፈው የእኔ ስም ነበር። በምላጭ ፍቄ የእርስዎን ጻፍኩበት። ማንም አያነበው ይሆናል። ሞዴሉ ላይ ካሰለፍኳቸው ትንንሽ ሰዎች አንዱ ጆሮው ላይ እርሳስ አለው፤ ያኔ ስቀባው ማን እንደሆነ ለሰው አልተናገርኩም። በጥጥ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ።

በስልክ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። «መርከቡስ?» ሲሉኝ ስለ አየሩ አወራሁ። እህቴን ግን ደብዳቤዬ እስኪደርስ ምሰሶው እንዳይነካ አደራ ብያታለሁ፤ ምክንያቱን አልነገርኳትም። እርስዎም አንዴ መጋዝ ካነሱ እሷን እንደማይሰሙ አውቃለሁ። ስለዚህ እኔው እለምንዎታለሁ አባባ፤ ምሰሶውን አይንቀሉት። ትንሹን ሊያፈርሱ የተነሱት ትልቁ አለ ብለው ነው። ትልቁ የለም። ያለው እዚያ እኛ ግቢ ያለው ብቻ ነው። ሳንቃው ቢያረጅም፣ የሰፈሩ ልጆች አድገው ቢበተኑም ይቁም። ጎረቤት ስለ ትልቁ ከጠየቀዎት ልጄ ዋሽቶኝ ነው ይበሉ። ዕድሜዎን ሙሉ ሐሰት ተናግረው አያውቁም፤ ለእኔ ሲሉ እንዳይጀምሩ።

ለእናቴ ጉልበቷን ስሜ ሰላም ብያለሁ፤ የአሮጊቷን ነገር እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እኔ አልቻልኩም። ለእህቴ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ያን የድሮ ኩርኩሟን ጊዜው አላለፈበትምና ታስቀምጥልኝ። ለሾፌሩ አማቻችን፣ መርከቡ ላይ ገና ላልተሳፈረችው ለትንሿ ልጃቸው፣ ወሬያችንን ከእኛ ቀድማ ለምትሰማው ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ ለሁሉም በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ።

ለእርስዎ ግን አባባ፣ እንዴት አድርጌ እንደምሰናበትዎ አላውቅም። መልስ ይጻፉልኝ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ምሰሶው መቆሙን እህቴ ከነገረችኝ ይበቃኛል። ደብዳቤዬ ዘግይቶ፣ ምሰሶው ተነቅሎ ወንበሩ ተሠርቶም ከሆነ፣ እርስዎና እናቴ ስትቀመጡ ዳር ላይ ለአንድ ሰው ቦታ ተዉልኝ።

በደለኛ ልጅዎ

ከሞዴል ክፍሉ፣ እሑድ ኅዳር 11 ቀን