የክቡርነትዎ የቀኝ እጅጌ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን። የኮትዎ የቀኝ ብብት በዚህ ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ተተርትሯል።

ለክቡር የሰፈራችን የምክር ቤት ተወካይ፣

ይህ ጽሑፍ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ትከሻዎንም ያለ ሕመም እንዲያገኝልኝ እየተመኘሁ፣ ላለፉት አሥራ ስድስት ዓመታት ልብስዎን የሰፋሁት የገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሳለሁ። ደብዳቤውን በሱቄ መስኮት ላይ የምለጥፈው ክቡርነትዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ብመጣ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ነው።

፩. በሰፈራችን ያለው አንድ ጤና ጣቢያ፣ በጤና ጣቢያውም ያለው አንድ የማዋለጃ አልጋ ነው። ፓርቲዎ ጣቢያው ይዘጋ የሚል ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ፣ በሱቄ መስታወት ፊት ቆመው «መዘጋቱ ስህተት ነው፤ ልቤ ከእናንተ ጋር ነው» ብለውኝ ነበር። በሳምንቱ፣ በመጀመሪያው ድምፅ አሰጣጥ፣ እጅዎ ከፓርቲው ጋር ወጣ። ልብዎን እኛ ዘንድ በአደራ ስላስቀመጡ ከልብ አመሰግናለሁ። ደህና ነው፤ ማንም አልነካብዎትም።

፪. ብብቱን ለመለካት እጅዎን እንዲያነሱልኝ በትሕትና ብጠይቅዎ፣ ከማንሳትዎ በፊት ወደ ግራ ዞር ብለው አዩ። በግራዎ የነበረው የካውያ ጠረጴዛዬ ነው። በምክር ቤቱ በግራዎ የሚቀመጡት የአባላቱን ድምፅ የሚከታተሉት የፓርቲው ተጠሪ መሆናቸውን ባለቤቴ ባትነግረኝ ኖሮ፣ አንገትዎን ያመመዎት መስሎኝ ነበር።

፫. ሰፈርተኛው «መሀል ሰፋሪ» ይልዎታል። እኔ ግን እከራከርልዎታለሁ። ፓርቲ የሌለው ፖለቲከኛ ክር የሌለው መርፌ እንደሚሆን አላጣሁትም፤ ሁሉን ጨርቅ ይወጋል እንጂ አንዱንም አይሰፋም። ሆኖም በሥራዬ እንዳየሁት ክር መርፌን ይከተላል እንጂ አይመራውም። እርስዎም «ለዘብተኛ ሰው ፓርቲውን የሚያቃናው ከውስጥ ሆኖ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ኮትም የሚቃናው ገበሩን ገልብጠው ከውስጥ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመት ግን አንድም ቀን ገልብጠው ሲያዩት አላየሁም።

ሁለተኛውና የመጨረሻው ድምፅ የሚሰጠው ሐሙስ ነው። ኮቱ ለዚያ ቀን እንዲደርስ አዘውኝ ነበር፤ ይደርስም ነበር። ነገር ግን ይህን በመጻፍ ላይ ሳለሁ ልጄን ምጥ እንደያዛት ባለቤቴ ደወለችልኝ። በታክሲ ወደ ጤና ጣቢያው እየወሰደቻት ነው። እስከ ሐሙስ ክፍት ስለሆነ ክቡርነትዎን አመስግኜ፣ እጅጌውን ሳልጨርስ እወጣለሁ።

የትከሻዎን ስፋት በቃሉ የሚያውቅ፣ የእጅዎን አቅጣጫ ግን ለማወቅ ሐሙስን የሚጠብቅ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ የሄደው ልብስ ሰፊዎ።

ማስታወሻ፦ የሱቁ ቁልፍ ከጎረቤቴ ከጫማ ሰፊው ዘንድ ነው፤ ኮቱን ከማንጠልጠያው ላይ ያገኙታል። የቀኝ እጅጌው የተያያዘው በስፒል ብቻ ነው። ለመደገፍም ለመቃወምም የሚነሳው ያው እጅ ስለሆነ በምርጫዎ ጣልቃ አልገባም። ቀስ ብለው፣ አስበው ካነሱት አይነካዎትም። ግራዎን አይተው ፈጠን ካሉ ግን ይወጋዎታል።